ሁለት ሱስ መስሎኝ ነበር

ይህን የምጽፈው ሌሊቱን በስልክ ጨዋታ፣ ቀኑን በጫት እያሳለፉ «አንዱን ብተወው ሌላው አይጎዳኝም» በማለት ራሳቸውን ለሚያጽናኑ ወጣቶችና ልጃቸው ምን እንደነካው ግራ ለገባቸው ወላጆች ነው። እኔ በዚህ ሕይወት ውስጥ አራት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ወጥቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሰባት ወራት ያባከንኩት ችግር እንዳለብኝ ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን በተሳሳተ መንገድ ልፈታው ስሞክር ስለነበር፣ ከሁሉ በላይ ስለ እነዚያ ሙከራዎች መናገር እፈልጋለሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበርኩ። ጓዜን ሸክፌ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው የወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ፐብጂ የተባለውን የስልክ የተኩስ ጨዋታ ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ጨዋታውን አሁን ላይ ሆኜ መርገም አልፈልግም፤ ሰው ከሰው በተለየበት በዚያ ወቅት ከጓደኞቼ ጋር የምስቅበትና የምጨዋወትበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር። ብዙ ሰው ሲጫወት ውሎ ስልኩን አስቀምጦ ይተኛል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደዚያው ነበርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አራት ሆነን ቋሚ ስኳድ፣ ማለትም የጨዋታ ቡድን፣ መሠረትን። አንዱ የብሎካችን ልጅ ነው፤ ሌላው ሐዋሳ ይኖራል፤ አራተኛው ደግሞ በአሜሪካ ሜሪላንድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራ የነበረና በኋላ ወደ ቀን ሥራ የተዛወረ ልጅ ነው። እሱ ከሥራ ወጥቶ፣ በልቶ ስልኩን ሲከፍት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ለእኛም ያ ሰዓት ይስማማን ነበር። ማንም ሰው ልጎዳህ ብሎ ባያስብም፣ የአራታችን ሰዓት ሊገናኝ የሚችለው ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ብቻ ሆነ፤ ያን ሌሊት ነቅቶ ለማደር ደግሞ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተጫዋቾች ለደረጃ የሚፎካከሩበት የጨዋታው ወቅት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የብሎካችን ልጅ አንድ እስር ጫት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ቅሜ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት ከምሬቱ በቀር ምንም አልተሰማኝም፤ ምርቃናው ሲመጣ ግን እንቅልፉም ረኃቡም ጠፋ፣ የጠላት ኮቴ ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ የሚሰማኝ መሰለኝ። በዚያ ሌሊት ደርሼው በማላውቀው ደረጃ ላይ ወጣሁ። አሁን ሳስበው የበለጠ የተጫወትኩት ከሌላው ጊዜ ሁለት እጥፍ ሰዓት ስለተቀመጥኩ ነው፤ ያኔ ግን ውጤቱን ሁሉ ለቅጠሉ ሰጠሁት። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ጫት መጫወት ያለ ጫማ እንደ መሮጥ ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

በኋላ ከሐኪሞች እንደተረዳሁት፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው አነቃቂ ነው። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውኃ እየተረጨበት ትኩሱን የሚሸጠው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ የተቃመውም የሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳል። ለሚጫወት ሰው ይህ ሁሉ ጥቅም ይመስላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጠጅ የጠጣ ሰው መስከሩን ራሱም ጎረቤቱም ያውቁታል፤ የመረቀነ ተጫዋች ግን ጎበዝና ትጉ የሆነ ይመስለዋል።

ለራሴ የማቀርበው ሰበብም አላጣሁም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ካውንተር ስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አንድ የታወቀ ተጫዋች፣ ቡድኑ በትልቅ ውድድር ላይ አደራል የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ወስዶ መጫወቱን በአደባባይ መናገሩን፣ ኢኤስኤል የተባለው የውድድር አዘጋጅም በዚያው ዓመት የአበረታች መድኃኒት ምርመራ መጀመሩን አንብቤ ነበር። ከዚህ ታሪክ መውሰድ የነበረብኝ ነገሩ የተከለከለ መሆኑን ነው፤ እኔ የወሰድኩት ግን «ትልልቆቹም ያደርጉታል» የሚለውን ነው። ሰው ከሱስ ጋር ሲኖር የሚያነበው ነገር ሁሉ ለሱሱ ጠበቃ ይሆንለታል።

በ2014 ዓ.ም. ተመርቄ በአንድ የግል ድርጅት ሥራ ጀመርኩ። ሥራ መያዜ ያስተካክለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የጨመረው ግን ገንዘቤን ብቻ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እወጣለሁ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው ጫት ቤት እገዛለሁ፣ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እጫወታለሁ። ምርቃናው አልለቅ ሲል ደግሞ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ ወይም አረቄ እጠጣለሁ፣ ጠዋት ለመንቃት ኃይል ሰጪ መጠጥ እይዛለሁ፤ በመካከሉ ሲጋራው ገባ። አንዱ ለማንቃት፣ ሌላው ለማስተኛት፣ ሦስተኛው መልሶ ለማንቃት ሲሠራ፣ ሰውነቴ የራሱን ሰዓት ጨርሶ ረሳ። ጨብሲ ላይ የደረሰ ወንድም ወይም እህት ይህን የሚያነብ ካለ አንድ ነገር ልለምን፦ ጫቱን ለማብረድ መጠጣት ከጀመራችሁ ጉዳዩ «የጨዋታ ጊዜ ማብዛት» የሚባልበትን ደረጃ አልፏል፤ ያን ዕለት ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እኔ ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ሥራዬን አላጣም ነበር። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በተደጋጋሚ በማርፈዴና አንድ የወር መዝጊያ ሒሳብ በማበላሸቴ ተሰናበትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በግንቦት ወር እናቴ እግሯን ታማ ስለነበር የዕቁቧን 12 ሺህ ብር ለሰብሳቢው እንዳደርስ ሰጠችኝ። የጫት ዱቤዬን ከፈልኩበት፤ በተረፈው ዩሲ የተባለውን የጨዋታውን ገንዘብ ገዝቼ ለጨዋታው ገጸ ባሕርይ ልብስ አለበስኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰብሳቢው ቤታችን መጡ። ሳሎን ተቀምጬ ነበር። እናቴ ፊቴን አንድ ጊዜ አየችና፣ «ውይ፣ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት፤ ነገ ራሴ አመጣዋለሁ» አለቻቸው። ሸኝታቸው ስትመለስ ምንም አልተናገረችኝም። መኝታ ቤት ገብታ ስትወጣ የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ የጆሮ ወርቋ በቋጠሮው ውስጥ እንዳለ በጨርቁ ላይ ይታወቅ ነበር። እያነከሰች ደረጃውን ስትወርድ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ለማቆም የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ውሳኔው እውነተኛ ነበር፤ እንዴት እንደሚቆም ግን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነበር። እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስዳኝ 15 ቀን ጠበል ተጠመቅኩ። ስልኬን እሷ ጋ ትቼ ነበር። ሌሊት ተነሥቶ በብርድ ወረፋ መጠበቁ፣ ጸሎቱ፣ በጊዜ መተኛቱ፣ በሽሮና በቆሎ መዋሉ ሰውነቴንም ልቤንም አሳረፈው። ያ ጸጋ እንደነበር እስከ ዛሬ አምናለሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ወደ ቤት ስመለስ «ጫቱ ለቆኛል፣ ጨዋታው ግን ኃጢአት የለበትም» አልኩ። እዚያ ሳለሁ ሁለቱም አብረው እንደራቁኝ፣ እረፍት ያገኘሁትም ሁለቱም በመራቃቸው እንደሆነ አላስተዋልኩም።

በሦስተኛው ሌሊት ጨዋታውን ከፈትኩት። የመግቢያው ሙዚቃ ተጀመረ፣ የጓደኞቼ ድምፅ ገባ፤ ወዲያው ግራ ጉንጬ፣ ቅጠሉን የማጠራቅምበት ጎን፣ ምራቅ ሞላው። በአፌ ውስጥ ምንም አልነበረም። ምላሴ ግን የቅጠሉን ቦታ ይፈልግ ነበር። ሐራራ በዚህ መንገድ በድምፅ ተጠርቶ ሊመጣ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር። በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ሕይወቴ ተመለስኩ፤ በተጨማሪም ጠበሉ እንኳ ያላዳነው ሰው ነኝ ብዬ ስለ ራሴ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ከመመለሱ ይልቅ የጎዳኝ ይህ አስተሳሰብ ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አባቴ ተቆጥቶ ስልኬን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። አባቶች ሆይ፣ ንዴታችሁን እረዳለሁ፤ አባቴም ያደረገው ከፍቅር ነው። ውጤቱ ግን እኔን ከቤት አውጥቶ ሰፈር ውስጥ ወዳለ መጫወቻ ቤት መላክ ሆነ፤ እዚያ ደግሞ ከእኔ የሚበልጡ ልጆች ሲጋራውንም ሌላውንም ይቀባበላሉ። ቤት ሳለሁ ቢያንስ እናቴ እራት ታቀርብልኝ፣ መብራቴ እስከ ስንት ሰዓት እንደበራ ታውቅ ነበር። ስልኩን ከመስበር ይልቅ ሌሊት ሌሊት እናንተ ክፍል እንዲያድር መስማማት ይሻላል፤ ስምምነቱም ልጁ መርቅኖ ሳለ ሳይሆን በጠዋት፣ ቁርስ በልቶ፣ ልቡ ረግቶ ሳለ ይሁን። የመረቀነ ሰው ዓለምን አስተካክላለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ቃሉ ከምርቃናው ጋር ይጠፋል።

ቀጥሎ የሞከርኩት ተቃራኒውን ነው። ጨዋታውን ከተዋስኩት ስልክ ላይ አጠፋሁና ጫቱን «ቅዳሜ ብቻ» አልኩ። ሦስት ቅዳሜ ጠብቄ አራተኛው ቅዳሜ ላይ፣ ምርቃናው ጣራ ሲነካ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ አለኝ። ጫት እንቅልፉን ወስዶ፣ ትኩረቱን አሹሎ፣ የሚያተኩርበትን ነገር ግን አይሰጥም፤ እኔ ደግሞ ለሦስት ዓመት ያን ትኩረት የማውቀው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጨዋታውን መልሼ ጫንኩት። ሁለት ሱስ ያለኝ ሰው መስሎኝ አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ለመጣል ስታገል የኖርኩት አንድን ሱስ በሁለት እጁ ይዤ ነበር፤ አንዱን እጁን ስለቅ በሌላው ይጎትተኝ ነበር።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ ለሁለት ቀን ያህል ሳልተኛ፣ ጫቱ ላይ ሁለት ጣሳ ኃይል ሰጪ መጠጥ ጨምሬበት ሳለ፣ ልቤ በጉሮሮዬ ልትወጣ ደረሰች። ጣቶቼ ደነዘዙ። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የሜሪላንዱ ልጅ «ወንድሜ፣ ምን ሆንክ? ለምን ዝም አልክ?» ሲል ይሰማኛል፤ መመለስ አልቻልኩም። እህቴ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የልብ ምቴ በደቂቃ 140 ነበር። ባለሙያው ምን እንደወሰድኩ ሲጠይቀኝ «ቡና ብቻ ነው» አልኩት፤ እውነቱን የነገረችው እህቴ ናት። እባካችሁ፣ ሐኪም ፊት እንዲህ አትዋሹ። ጫትም ሲጋራም አረቄም የሰው ሁሉ ዓይን የለመደው ነገር ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊወቅሳችሁ ሳይሆን የሚሰጣችሁ መድኃኒት ከወሰዳችሁት ነገር ጋር እንዳይጋጭ ነው። በተለይ ትራማዶልን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ትእዛዝ የወሰደ ሰው ይህን ቢደብቅ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት እንደሚችል ያን ሌሊት ነው የሰማሁት።

ከጤና ጣቢያው ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተመራሁ። «አማኑኤል» የሚለው ስም ብቻ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ እኔም ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ አውርጄ ነበር የገባሁት። ተመላላሽ ክፍል ወረፋው ላይ ያገኘሁት ግን ሾፌር፣ መምህር፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ እንደ እኔ ያለ ወጣት ነው። ያነጋገረችኝ ሲስተር ስለ ጫቱ ከጠየቀችኝ በኋላ ስለ ጨዋታው እኩል ጊዜ ሰጥታ ጠየቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ እንዳካተተው፣ ዝርዝሩም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ እንደዋለ የነገረችኝ እሷ ናት። ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻውን ሕመም አይባልም፤ ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። ሦስቱንም አንድ በአንድ ስትቆጥርልኝ እንባዬ መጣ፤ ስንፍና እየተባለ የኖረው ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ባለ 50 ቅጠል ደብተር እንድገዛ አዘዘችኝ። የምጽፈው አራት ነገር ብቻ ነበር፦ ስንት ሰዓት ላይ አማረህ? ከማን ጋር ነበርክ? ከዚያ በፊት ምን አደረግክ? ከዚያስ በኋላ ምን ወሰድክ? ለአንድ ሳምንት ምንም ሳልለውጥ ጻፍኩ። ደብተሩን አብረን ስናነብ ግን ከጫቱ በፊት ያለው መስመር ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ሰዎቹ ገብተው እየጠበቁኝ ነው» የሚል ይገኛል፤ ከጨዋታው በፊት ባለው መስመር ላይ ደግሞ «ታክሲ ተራው፣ ጫት ቤቱ»። በዚያው ሳምንት ጨዋታው ራሱ የሚመዘግበውን ውጤቴን ተመለከትኩ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የተጫወትኳቸው ግጥሚያዎች ውጤት ከምሽቶቹ በጣም የወረደ ነበር። ጫት ጎበዝ አድርጎኛል የሚለው እምነቴ የሞተው በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ የምትፈልጉ ካላችሁ ደብተሩን ውሰዱ።

ሁለቱን በአንድ ቀን አቆምኩ፤ አረቄውንና ኃይል ሰጪውን መጠጥም አብሬ። ሲጋራው ሦስት ወር ፈጅቷል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን መጠጡን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ሊሆንበት ስለሚችል፣ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከባድ ነበሩ። በቀን 14 ሰዓት እተኛለሁ፣ ስነቃም ሰውነቴ እንደ አሮጌ ከረጢት ይወድቃል፣ ሌሊት ዱካክ ይጫነኛል፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ሲሆን ያለ ምክንያት እነጫነጫለሁ። ሲስተር አስቀድማ ስላስጠነቀቀችኝ እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ያላስጠነቀቁት ሰው ይህን ድብርት እውነተኛ ማንነቱ ይመስለውና ለማምለጥ ወደ ጫቱ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ፣ ያን ዕለት፣ ብቻውን ሳይሆን ሰው አስከትሎ ወደ ሕክምና ይሂድ። እኔም አንድ ሌሊት መጥቶብኝ ነበር፤ እህቴን ቀሰቀስኳትና እስኪነጋ አብራኝ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የረዱኝ ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። የቁልፍ ስልክ ገዛሁ። ጫት ቤቱ ያለበትን ታክሲ ተራ ትቼ አንድ ፌርማታ በእግሬ ሄጄ መሳፈር ጀመርኩ። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ፣ የመቃሚያው ሰዓት ሳይደርስ፣ ጥጋብ እስኪሰማኝ ምሳ እበላለሁ፤ እኔ ስጠግብ ጫቱ ብዙ አያምረኝም ነበር። ቡና ከምሳ በኋላ አቆምኩ። ገንዘቤን እህቴ እንድትይዝልኝ አደረግኩ። ከሁሉ የከበደኝ ለስኳዱ መናገር ነበር፤ የሐዋሳው ልጅ «አንድ ጌም ብቻ፣ ለስንብት» ብሎ ለምኖኝ እምቢ ስለው ተቀየመኝ። ጓደኛችሁ አቆምኩ ሲላችሁ፣ ስለ ፈጣሪ፣ «አንድ ብቻ» አትበሉት። በሰባተኛው ወር አንድ ሠርግ ላይ ቅሜ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ለሲስተር ነገርኳት፤ እሷም «ደብተርህን አምጣ፣ ምን ቀደመው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የቀደመው ከሠርገኞቹ አንዱ ስልኩን አቀብሎኝ ሁለት ግጥሚያ መጫወቴ ነበር። ስለዚህ ሌላው ሰው በልኩ ቢጫወትም እኔ አልጫወትም። የእናቴን የጆሮ ወርቅ በአዲሱ ሥራዬ ስምንተኛ ደመወዝ ላይ መልሼ ገዛሁላት፤ ያው ጉትቻ አይደለም፣ ያኛው ተሸጧል።

የሜሪላንዱ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። ለእኔ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ለእሱ ገና ጠዋት ነበር፤ በዚህ ሰዓት ተነጋግረን አናውቅም። ያን ሌሊት ዝም ስል የሞትኩ መስሎት እንደነበር፣ እሱም ያለ ኃይል ሰጪ መጠጥና ያለ ሲጋራ አንድ ሌሊት መጫወት እንዳቃተው ነገረኝ። ስለ ደብተሩ አስረዳሁት። ማታውን የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ለእህቴ ስልክ ላከልኝ፤ አራቱም መስመሮች ተሞልተዋል፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው።